ከተጠራጠርሽ ገብቷል በይ

ማርች 4፣ 1996፣ ሰኞ

ዛሬ አሥራ ሁለተኛው የውድድር ዘመኔ ተጀመረ። ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ የውብዳር ናት፤ “ማታ ማታ ለእኔ ከምትተርክ እዚህ ላይ ጻፈው” ብላ። ቴኒስ አጠገቧ ሃያ ዓመት ኖሮ ነጥቡ ለምን ከአሥራ አምስት ወደ ሠላሳ እንደሚዘል እስከ ዛሬ አልገባትም፤ እንዲገባትም አትፈልግም። ደብተሩ ጥሩ ነው፤ መስመሮቹ ግን በጣም የቀጠኑ ናቸው። ፋብሪካው ቀለም የቆጠበ ይመስለኛል።

ማንም ስለማያነበው እዚህ መኩራራት አያሳፍርም። እኔ አማረ፣ የኮሌጁን የሴቶች ቴኒስ ቡድን ስረከብ ያገኘሁት አራት ተጫዋችና የተቀደደ መረብ ነበር። ዛሬ አራት ዋንጫ አለን። በሜዳችን ሠላሳ አንድ ግጥሚያ በተከታታይ አልተሸነፍንም። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ጧት በሲያትል ኤርፖርት፣ በሲታክ፣ ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ እያሠለጠንኩ ነው።

የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስ ሆልምበርግ ዛሬ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ የሙሉ ጊዜ አሠልጣኝ ሊቀጠር ነው። “ከቻምፒዮንሺፑ በኋላ እንወስናለን። ስምህ ግን ከላይ ነው” አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁትን ነገር እንዲህ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚወራ አድርጋ ነገረችኝ።

ስሜ ከላይ የሆነው ደግሞ በዋንጫ ብቻ አይደለም። በእኛ ሊግ ዳኛ የለም። እያንዳንዷ ተጫዋች በራሷ በኩል ያረፈውን ኳስ ራሷ ናት “ገባ” ወይም “ወጣ” የምትለው። ጭቅጭቅ ሲነሳ ግን ከሁለቱ አሠልጣኞች አንዱ መረቡ ጋ ቆሞ ይፈርዳል፤ እሱ ያለው አለቀ። ይኸው እስከ ዛሬ ተቃራኒዎቻችን ራሳቸው “አማረ ይቁም” ይላሉ፤ በገዛ ልጆቼ ላይ ስፈርድ አይተውኛላ! ልጆቼንም መጀመሪያ የማስተምራቸው ሰርቭ አይደለም። “ከተጠራጠርሽ ገብቷል በይ” ነው የምላቸው። በደንብ ያላየሽው ኳስ የተቃራኒሽ ነው።

ማርች 9፣ ቅዳሜ

ከስድስቱ የነጠላና ከሦስቱ የጥንድ ጨዋታ ስምንት ለአንድ አሸነፍን። ሠላሳ ሁለት። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ከዚያ እኔና ልጆቹ ውሃውን በሮለር ገፍተን የቀረውን በፎጣ አደረቅን። የሲያትል ቴኒስ ግማሹ ወለል መወልወል ነው።

አንድ ጊዜ አቆሙኝ፤ በሊን ላይ ፈረድኩ። ሊን የቢከን ሂል ሠፈር ልጅ፣ ቁጥር ሁለታችን ናት። አኮረፈች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ነጩ ሰማይ ዓይኔን ወጋኝ እንጂ ኳሱ ግልጽ ነበር። ይብዛም ይነስም ግልጽ ነበር። ፆሙ ነው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ነው ሜዳ ላይ የምቆመው። እናቴም በፆም “ዓይኔን ጋረደኝ” ትል ነበር። ከፋሲካ በኋላ ይጠራል።

ማርች 14

ኮሌጁ ዘንድሮ የገዛው ኳስ የማይረባ ነው። ቢጫው ግራጫ ሆኗል። ለሚስ ሆልምበርግ ቅሬታ ጻፍኩ። ልጄ መክሊት፣ ቁጥር አንዳችን፣ ኳሱን ከእጄ ወስዳ አገላብጣ አየችውና “ኢትስ ዘ ሴም ቦል፣ ዳድ” አለችኝ። ያው የአምናው ኳስ ነው ማለቷ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስለ ኳስ ጥራት ምን ታውቃለች።

ማርች 20፣ ረቡዕ

ስድስቱም ልጆች የተለያየ ቀለም ኮፍያ አድርገው መጡ። መክሊት ቀይ፣ ሊን ብርቱካን፣ ሌሎቹ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ አንዷማ ወይን ጠጅ። ይህ ቡድን ነው ወይስ የሰርግ ድንኳን? ልብሳችን ሰማያዊ መሆኑን ነገርኳቸው። “ኮች፣ ፋሽን ነው፤ ፕሊስ” አለች ሊን። ተውኩት። አሠልጣኝ የቱን እንደሚተውም ማወቅ አለበት።

ሌላው ግን አኮራኝ። ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት ውጤቱን ጮክ ብለው ይናገራሉ። አምና ጮክ በሉ ብዬ ስለምናቸው ያፍሩ የነበሩ ልጆች አሁን ከሜዳው ማዶ ይሰማሉ። ዲሲፕሊን እንዲህ ሳይታወቅ ነው የሚገባው። የእጄ ሥራ ናቸው።

ማርች 23፣ ከያኪማ መልስ

ሰባት ለሁለት። ድካም። ተራራው ላይ ዝናብ። ከፊት የሚመጡት መብራቶች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርበው። ቫኑን እኔ ነበርኩ የምነዳው። የጭነት መኪና ጥሩንባ። መክሊት “ዳድ!” አለች፣ መሪውን መለስኩ።  

ስድስት የሰው ልጆች። የእኔዋን ጨምሮ። ምን ነካኝ?

ማርች 25፣ ሰኞ

ዘካሪያስ ደወለ። በዲቪ የመጣ የሠፈራችን ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል። “ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። ሶ ቫኑን እኔ ድራይቭ ላድርግልዎት? ቴኒስ ማየት በጣም ነው የምፈልገው” አለኝ። ባለፈው ዓመት ኳሱ የሚመታው በየትኛው እጅ እንደሆነ የጠየቀኝ ይኸው ልጅ ነው። ለስፖርት ፍቅር ሲያድርበት ደስ ይላል። ኮሌጁ በፈቃደኛ ሹፌርነት መዘገበው።

የውብዳር ራት ላይ ፊቴን አተኩራ ስታይ ቆየችና፣ “የዓይን ሞራ ነው” አለች። ምኑ? ብላት፣ “አማረ፣ እኔ በየቀኑ የሽማግሌዎች ዓይን ውስጥ ጠብታ የምጨምር ሴት ነኝ። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ልያዝልህ” አለችኝ። በአረጋውያን ቤት ስለምትሠራ ሰው ሁሉ ሽማግሌ ይመስላታል። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሞራ ቢሆን ደግሞ ሐኪሙ ይጽፈዋል፣ የተጻፈ ነገር ሚስ ሆልምበርግ ጋ ይደርሳል። ከፋሲካ በኋላ እናያለን አልኳት።

ኤፕሪል 3

የዕቃ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። መክሊትና ሊን ውስጥ። ሊን “ንገሪው እንጂ” ትላታለች፤ መክሊት “አልችልም። ሊሰበር ይችላል። እስከ ሜይ ብቻ” አለቻት። የኳሱን ቅርጫት እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ስለ እኔ መሆኑ ገብቶኛል፤ ሞኝ አይደለሁም። ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፈልጓታል፣ ትታኝ ልትሄድ ነው። አልሰበርም። ልጁን ለትልቅ ቡድን ያበቃ አባት ይኮራል እንጂ አይሰበርም። እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ። ልምምዱ ላይ ግን ያለ ምክንያት ጮህኩባት።

ኤፕሪል 14፣ ፋሲካ

ገደፍን። ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ሙሉ ቆመን ነበር። በሺህ የሚቆጠር ጧፍ፤ በየጧፉ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ቀለበት። የውብዳርን “ዛሬ እንዴት ያምራል ብርሃኑ” አልኳት። ክንዴን ይዛ ከደረጃው አወረደችኝ።

ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ። ነገ ይጠራል።

ኤፕሪል 17

ዛሬም። ሆድ ቅባቱን እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል።

ኤፕሪል 27፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ለዜሮ! በሜዳችን ሠላሳ አምስተኛ። መክሊት አንድ ዙር ስድስት ለባዶ፣ ሌላኛውን ስድስት ለአንድ።  እኔ ስንት ዓመት ልመታው ሞክሬ ያልሆነልኝን የግራ ጎን ምት እሷ እያፏጨች ትመታዋለች። ቀይዋ ኮፍያ በሜዳው ላይ ስትበር ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፣ አሠልጣኝ መሆኔን ረስቼ።

ሚስ ሆልምበርግ መጥታ ነበር። የሥራውን ፎርም ሰጠችኝ። ሦስተኛው ገጽ የጤና ምርመራ ነው፤ ከላይ የልብ፣ ቀጥሎ የዓይን። “ያንተማ ፎርማሊቲ ነው። በሊጉ ያንተን የሚያህል ዓይን የለም” ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ፎርሙ የራኬት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ከታች፣ ከፎጣው ሥር።

ሜይ 4፣ ቅዳሜ

ታኮማን አምስት ለአራት አሸነፍን። ሠላሳ ስድስት።

ሜይ 5፣ እሑድ

ትናንት አጭር የጻፍኩት ስለደከመኝ አይደለም።

አራት ለአራት ሆነን የቀረው የመክሊት ጨዋታ ብቻ ነበር። ተጋጣሚዋ ሬኔ የምትባል የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ የማትናገር፣ አመታቷ ላይ የተለየ ነገር ያለ። መጨረሻው ዙር ላይ ጭቅጭቅ መጣና የታኮማው አሠልጣኝ ዋልተር እንደ ወትሮው “አማረ ይቁም” አለ። ዋልተርን ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ። ቆምኩ። ሬኔ ወደ ኋላው መስመር አንድ ረጅም ኳስ ሰደደች። “ወጣ” አልኩ፤ በእጄም አሳየሁ። ጨዋታው በዚያው አለቀ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች፤ ከዚያ ፎጣ ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ዋልተር ትከሻዋን ይዞ “አማረ ወጣ ካለ ወጥቷል” ሲላት ሰማሁት።

ወደ ቤት መኪናውን የነዳችው መክሊት ናት። ማውንት ቤከር ሠፈር ስንደርስ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ “ገብቶ ነበር፣ ዳድ” አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችኝ። እሷ አማርኛ የምትናገረው ስትታመም ነው። “መስመሩ ላይ ነው ያረፈው። እኔም ዝም አልኩ፤ ሶ የኔም ጥፋት ነው” አለች። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሥራ እንደሠራሁ ነገርኳት። ከመረቡ የሚታየውና ከኋላ የሚታየው እንደሚለያይ፣ የመስመሩን ስፋት፣ ብዙ ነገር ነገርኳት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ነዳች።

አየሁት። ኳሱ ሲያልፍ አየሁት። ሲያርፍ ደግሞ… ሬኔ ክንዷን ዘግይታ እንደወረወረች አየሁ፤ እንደዚያ የተመታ ኳስ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ብዙ ጊዜ።

ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ የዋልተርን ቁጥር እስከ ግማሹ መትቼ ዘጋሁት። ምን ልለው ነው? ለልጆቼ የማስተምረውን እኔ አላደረግሁም። ከተጠራጠርሽ ገብቷል በይ። ተጠራጥሬ ነበር? አልተጠራጠርኩም። መጠራጠር ፈርቼ ነው።

ሜይ 13

ለፍጻሜ ደረስን። ከታኮማ ጋር። የውብዳር ሳትጠይቀኝ ለሰኔ ቀጠሮ ይዛልኛለች። አልሰረዝኩትም።

ሜይ 18፣ ቅዳሜ

ሁሉንም እጽፋለሁ።

ከጧት ጀምሮ ስለዘነበ ውድድሩ ማውንት ቤከር ወዳለው የከተማው የቤት ውስጥ ሜዳ ተዛወረ። ጣሪያ ላይ መብራት፣ ወለሉ ላይ የመብራቱ ጥላ። ዘካሪያስ እንኳን አሁን ነጥብ መቁጠር ለምዷል። ልጆቼ ተጫወቱ ብል አያንስም? ሊን ሁለት ሰዓት ተኩል ታግላ አሸነፈች፤ ጉልበቷ ደም በደም ሆኖ “ኮች፣ ቀጣዩ ማን ነው?” ትለኛለች። አራት ለአራት ሆነ። አሁንም የቀሩት መክሊትና ሬኔ፣ አሁንም መጨረሻው ዙር።

በዙሩ ውስጥም አራት ለአራት ላይ ተጨቃጨቁ። ዋልተር ወደ እኔ ዞረ። “አማረ፣ ትቆምልናለህ?”

ሚስ ሆልምበርግ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሬኔ አየችኝ፣ አሠልጣኟን አየች፣ እሺ አለች። መክሊትን አየኋት፤ ቀይዋ ኮፍያ ግራና ቀኝ ስትወዛወዝ ነው የታየኝ። አትቁም ማለቷ ነው። ቆምኩ። እንቢ ማለት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። አፌ ግን አሥራ አንድ ዓመት የለመደውን ተናገረ፣ እግሬም ሄደ።

የመጀመሪያዎቹን ኳሶች በድምፅና በልጆቹ አቋቋም ፈረድኩ። ቀላል ነበሩ። አምስት ለስድስት፤ ሰርቭ የመክሊት፣ ሠላሳ ለአርባ። ይህ ነጥብ ከጠፋ ዋንጫው ጠፋ። ረጅም ምልልስ ሆነ፤ አሥራ አምስት ምት ይሆናል። ከዚያ ሬኔ ያንኑ ኳስ፣ ያንኑ ረጅም ኳስ፣ ወደዚያው መስመር ሰደደችው።

ድምፁን ሰማሁ። መክሊት እንደ ቆመች ቀረች። ሬኔም ቆመች። አዳራሹ ሁሉ እኔን ያያል፤ እኔ ነጭ ጭጋግ ውስጥ ያለ ነጭ መስመር አያለሁ። “ወጣ” ብል ማንም አይጠይቀኝም። ዋልተር ራሱ “አማረ ወጣ ካለ” ይላል። ሥራውም ይገኛል፣ አምስተኛው ዋንጫም ይገኛል፣ ልጄም አሸናፊ ትሆናለች። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

“አላየሁም” አልኩ።

ማንም አልገባውም። ዋልተር “ምን?” አለኝ።

“አላየሁም። ያልታየ ኳስ ገብቷል። ጨዋታው የሬኔ ነው።” አላቆምኩም። “የዛሬ ሁለት ሳምንትም አላየሁም ነበር። ወጣ አልኩ። አላየሁም። ዓይኔ ታሟል።”

 ከዚያ የጎማ ጫማ ሲንጫጫ ሰማሁ። መክሊት ወደ መረቡ እየሮጠች ነበር። የሬኔን እጅ ጨበጠች፣ ከዚያ መረቡን ዞራ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ላቧ ሸሚዜን አራሰው። ሬኔ እኔን ዞር ብላ ሳታይ ዋንጫዋን ይዛ ሄደች። መብቷ ነው።

ሜይ 19፣ እሑድ

የትናንቱ ጉዞ ይጻፍ። ቫኑ ውስጥ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር ሊን አቋረጠችኝ። “ኮች፣ ከማርች ጀምሮ እናውቃለን” አለችኝ። ኮፍያዎቹ ማን የት እንዳለ እንድለይ ነበሩ። ውጤቱን ጮክ ብለው የሚናገሩት ሰሌዳውን ማንበብ ስላቃተኝ ነበር። ከያኪማ ማግስት መክሊት ለእናቷ ነግራ፣ የውብዳር ለዘካሪያስ ደውላ ነበር። ዘካሪያስ በመስታወቱ እያየኝ፣ “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቴኒስ እስካሁንም በደንብ አይገባኝም” አለ። ስድስቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ።

የእጄ ሥራ ናቸው ብዬ ጽፌ ነበር። እውነት ነው፣ አልሰርዘውም። ግን እኔ ያላስተማርኳቸውን ነገር ሠርተዋል።

መክሊትን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋት፤ “የመጨረሻው ኳስ የት አረፈ?” ሁለት ጣቷን አጋጥማ አሳየችኝ። “ይህን ያህል ወጥቶ ነበር።” ለምን አልተናገርሽም ብላት፣ “የቆምከው አንተ ነህ። አላየሁም አልክ፤ ሶ ገብቷል። ዛትስ ዘ ሩል፣ ዳድ” አለችኝ። ሕጉ ያ ነው ማለቷ ነው። ሕጉን ማን እንዳስተማራት ልትነግረኝ አላስፈለጋትም።

ሜይ 20

ፎርሙን ባዶውን ለሚስ ሆልምበርግ መለስኩላት። ቫኑንም በዚህ ዓይን እንደነዳሁ ነገርኳት፤ ይህ ከሁሉም ከበደኝ። ተቆጣች፣ ትክክል ነች። ከዚያ ፎርሙን ገፋ አድርጋ መለሰችልኝና “ታክመህ ስትድን ሦስተኛውን ገጽ አስሞልተህ አምጣ። እስከዚያ ቦታውን ለሌላ አልሰጥም” አለች። ደረጃውን ስወርድ ክንዴን የያዘ ሰው አልነበረም፤ በግድግዳው እየተደገፍኩ ወረድኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ጁን 12፣ ረቡዕ

ቀኝ ዓይኔ ተሠራ። ፋሻው ዛሬ ተነሳ። የውብዳር ፊት ላይ የማላውቃቸው መስመሮች አሉ፤ ነገርኳት፤ “የታየ ሁሉ አይነገርም፣ እሺ?” አለችኝ። መክሊት ኳስ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ቢጫ ነው። ያው የአምናው ኳስ።

ይህንንም ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሮ አገላበጥኩት። መስመሮቹ እንደማንኛውም ደብተር ናቸው።

ጁን 28፣ ዓርብ

ሥራው ጸደቀ። የሙሉ ጊዜ፣ ለአንድ ዓመት፣ ከዚያ የሚታደስ። ግራ ዓይኔ በጁላይ ይሠራል። የሲታኩን ሥራ ለመልቀቅ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ፊደሎቹ ስላማሩኝ።

ከሰዓት በኋላ ዋልተር ደወለ። የሜይ አራቱን ውጤት ለእነሱ እንዲያዞሩት ሊጉን ጠይቄ ነበር፤ የተመዘገበ አይነካም ብለዋል። ሊጉ የፈለገውን ይመዝግብ፤ በእኔ ደብተር በሜዳችን ያሸነፍነው ሠላሳ አምስት ነው። ሠላሳ ስድስተኛውን ገና አላሸነፍነውም።

ዋልተር፣ “ሬኔ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች” አለኝ።  “በመጋቢት ወደ እናንተ ሜዳ ስንመጣ ጭቅጭቅ ከተነሳ አንተ ትቆም እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች።”

ታምነኝ ይሆን አላልኩትም፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። “እኔ እንድቆም ነው ወይስ እንዳልቆም የምትፈልገው?” አልኩት።

“እንድትቆም” አለኝ።

እቆማለሁ በላት አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሊን ጋ ደወልኩ፤ ኮፍያዎቹን ማንም እንዳይጥል፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የቡድኑ መለያ እነሱ ናቸው።